ለሁሉም ነገር ዳይስ አታስጥሉ

ቴብልቶፕ አርፒጂ በሚባለው የትረካ ጨዋታ ዲኤም (ተራኪ) ሆነው የሚያጫውቱ ሰዎች ላይ ካየሁት አመል ሁሉ እንደዚህኛው የሚያበሽቀኝ የለም፦ ለማንኛውም ነገር "ዳይስ ጣል" ማለት። በር ሊከፍት ነው፣ ጣል። ፈረስ ላይ ሊወጣ ነው፣ ጣል። ክፍል ውስጥ ገብቶ ዞር ዞር ብሎ ሊያይ ነው፣ ፐርሰፕሽን (የማስተዋል ችሎታ) ጣል። ከዛ 4 ይወጣበትና "ምንም አይታይህም" ይባላል። እንዴ! ሰውየው አይኑ አልጠፋ፣ ፋኖሱ በርቷል፣ ጠረጴዛው መሀል ላይ ነው የተቀመጠው፣ እንዴት ነው ጠረጴዛ የማይታየው? መጀመሪያ ላይ ሁላችንም እንስቃለን፣ ሶስተኛው አራተኛው ላይ ግን ሳቁ ያልቅና ካራክተሩ ጀግና መሆኑ ቀርቶ የሰፈር ቀልድ ይሆናል።

ስለዚ ዛሬ ስለ ስኪል (የካራክተሩ ሙያ) ቼክ ነው የማወራው፣ ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳና ልቀጥል። ቴብልቶፕ አርፒጂ ማለት ጓደኛሞች ሰብሰብ ብለው (ጠረጴዛ ዙሪያም ይሁን ዲስኮርድ ላይ) አንዱ ታሪኩን ይተርካል፣ ሌሎቹ አንድ አንድ ካራክተር ይዘው "እኔ እንዲህ አደርጋለሁ" እያሉ የሚጫወቱት ነው። ተራኪው ዲኤም ወይ ጂኤም ይባላል። ካራክተሩ ሊያደርገው ያሰበው ነገር ይሳካ አይሳካ ሳይታወቅ ሲቀር ዳይስ ይጣላል፣ ቼክ የሚባለው እሱ ነው። ሀሳቡ በቃ ይሄው ነው፣ ጣጣው ያለው መቼ ነው የማይታወቀው የሚለው ላይ ነው።

በጣም የታወቀውን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንውሰድ፣ 2014 የወጣውን 5ኛውን እትም። ባለ 20 ፊት ዳይስ ትጥላለህ፣ የወጣው ላይ ከካራክተርህ ችሎታ የሚገኘውን ጭማሪ ትደምራለህ፣ ስኪሉን የሰለጠነበት ከሆነ ፕሮፊሸንሲ ቦነስ (የስልጠና ጭማሪ) ትጨምርበታለህ፣ ድምሩ ዲኤሙ ካስቀመጠው ቁጥር ጋር እኩል ወይ በላይ ከሆነ ተሳካልህ። ዲኤሙ የሚያስቀምጠው ቁጥር ዲሲ ይባላል። በምሳሌ እንየው፣ ጉልበቱ 16 የሆነ ተዋጊ ከጉልበቱ +3 ያገኛል፣ አትሌቲክስ ከሰለጠነ ደግሞ አንደኛ ሌቭል ላይ +2 ይጨመርለታል፣ ባጠቃላይ +5። ዲሲው 15 የሆነ ግንብ ለመውጣት ዳይሱ ላይ 10 ወይ ከዛ በላይ ማምጣት አለበት፣ 55 ፐርሰንት ማለት ነው። አጠገቡ ያለው ጉልበቱ 10 የሆነ አስማተኛ ግን የሚደምረው ነገር የለውም፣ 15 ማምጣት አለበት፣ 30 ፐርሰንት።

እዚጋ ቆም በሉና ቁጥሩን እዩት። አንዱ እድሜ ልኩን ጡንቻ ሲያሰለጥን የኖረ ወታደር ነው፣ ሌላው እድሜ ልኩን መጽሐፍ ላይ ያጎነበሰ ሰው ነው፣ ልዩነታቸው 25 ፐርሰንት ብቻ! ዳይሱ ከ1 እስከ 20 ይዘላል፣ ጉልበቱም ስልጠናውም ተደምሮ 5 ነጥብ ብቻ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያዎቹ ሌቭሎች ላይ ውጤቱን በብዛት የሚወስነው እድል እንጂ ችሎታ አይደለም። (17ኛ ሌቭል ስትደርሱ ፕሮፊሸንሲው +6 ይሆናል፣ ጉልበትም 20 ከደረሰ ድምሩ +11 ይሆናልና ነገሩ ይሻሻላል፣ ግን ስንት ቡድን ነው እዛ የሚደርሰው፣ አብዛኛው ጨዋታ ፕሮግራም አልገጥም ብሎ 5ኛ ሌቭል አካባቢ ይሞታል።) ያ ተዋጊ ዲሲው 10 የሆነ፣ መጽሐፉ ራሱ "ቀላል" የሚለውን ነገር እንኳን ሲሞክር ከ1 እስከ 4 ካመጣ አልተሳካለትም፣ ይሄ 20 ፐርሰንት ነው። በየሰአቱ አምስት ቀላል ነገር ብታስጥሉት በአማካይ አንዷ ላይ ይወድቃል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ ያስጣላችሁት እናንተ ናችሁ።

እኔ ማንንም "ጣል" ከማለቴ በፊት ለራሴ የምጠይቀው ባይሳካለት ምን ይፈጠራል የሚለውን ነው። መልሱ "ምንም፣ እንደገና ይሞክራል" ከሆነ ዳይሱ አያስፈልግም። ሌባ የሆነው ካራክተራችሁ ባዶ ቤት ውስጥ የተቆለፈ ሳጥን አገኘ እንበል፣ ማንም አይመጣም፣ ጊዜ ሞልቷል፣ መክፈቻ መሳሪያው እጁ ላይ ነው። አስጣላችሁት፣ 6። "እንደገና እሞክራለሁ" ይላል፣ 9። እንደገና፣ 3። በመጨረሻ 18 ይመጣና ይከፈታል፣ የሁላችንም አስር ደቂቃ በከንቱ ሄደ፣ መከፈቱ ግን ከመጀመሪያውም የታወቀ ነበር። አንዳንዱ ዲኤም ደግሞ ይሄን ለማስቀረት "አንዴ ብቻ ነው መሞከር የሚቻለው" ብሎ ይዘጋዋል፣ ለምን ሲባል መልስ የለውም። ቁልፉ አኮረፈ እንዴ?

2000 ላይ የወጣው 3ኛው እትም ለዚህ ቆንጆ መላ ነበረው፣ ቴክ 20 ይሉታል። ባይሳካ የሚደርስ ጉዳት ከሌለና ጊዜ ካለህ ሳትጥል 20 እንዳመጣህ ይቆጠርልሃል፣ በምትኩ ስራው ከሚወስደው ጊዜ 20 እጥፍ ይወስድብሃል። ቴክ 10 የሚባልም ነበር፣ የሚያስፈራራህ ወይ ሀሳብህን የሚበታትን ነገር ከሌለ 10 እንዳመጣህ ቆጥረህ ማለፍ። 5ኛው እትም እነዚህን ስሞች ባይጠቀምም የዲኤሙ መጽሐፍ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለ፣ ነገሩ ሊሆን የሚችል ከሆነና ሰውየው 10 እጥፍ ጊዜ ካጠፋበት ተሳካለት በሉ ይላል። ብዙ ሰው ያንን ገጽ አያነበውም መሰለኝ።

አሁን ያንኑ ሳጥን ውሰዱና ኮሪደሩ ላይ የዘበኛ ኮቴ ጨምሩበት። ቁልፉ ያው ነው፣ ሌባው ያው ነው፣ ዲሲው ያው ነው፣ ግን አሁን ዳይሱ ትርጉም አለው፣ ምክንያቱም ባይሳካ የሚመጣው ዘበኛው ነው። ተጫዋቹ ዳይሱን ከመጣሉ በፊት እጁ ላይ ትንሽ ሲያንገላታው ካያችሁ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያስጣላችሁት።

ስለ ዲሲ አንድ ነገር ልበል። 5ኛው እትም 5 በጣም ቀላል፣ 10 ቀላል፣ 15 መካከለኛ፣ 20 ከባድ፣ 25 በጣም ከባድ፣ 30 የማይቻል ለማለት ትንሽ የቀረው ብሎ ይዘረዝራል፣ መጽሐፉ ራሱ ግን 10፣ 15 እና 20 ብቻ ብትጠቀሙም ጨዋታው ያለችግር ይሄዳል ይላል፣ እኔም እንደዛ ነው የማደርገው። ቁጥሩን ደግሞ ሳይጣል በፊት እናገራለሁ። ብዙ ዲኤም ይደብቀዋል፣ ሚስጥር ያለው ይመስል፣ ግን ግንቡን ፊት ለፊት ቆሞ የሚያይ ሰው ይከብዳል ወይስ ይቀላል የሚለውን ያውቃል እኮ፣ ተጫዋቹ ለምን አይነገረውም? ሌላም ጥቅም አለው፣ ቁጥሩን አስቀድሜ ስለተናገርኩ ዳይሱን ካየሁ በኋላ ለምወደው ካራክተር መቀነስ ለማልወደው መጨመር አልችልም።

ወደ ሂሳብ ልመለስ፣ ምክንያቱም የቡድን ነገር ሲመጣ ብዙ ዲኤሞች ሳያውቁት ጨዋታውን የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው። አራት ሰው ክፍል ውስጥ ገባ፣ የተደበቀ ነገር አለ፣ ዲሲው 15። አንዳቸውም ፐርሰፕሽን አይችሉም፣ እያንዳንዳቸው 30 ፐርሰንት ናቸው። አራቱም ከጣሉና አንዱ ካገኘ የሚበቃ ከሆነ የማግኘት እድላቸው ስንት ነው? 76 ፐርሰንት። አንድም የሚችል ሰው ሳይኖር! በተቃራኒው አራቱም ተደብቀው ዘበኛ ማለፍ አለባቸው እንበል፣ ሁሉም ጎበዝ ናቸው፣ 55 55 ፐርሰንት አላቸው፣ አንዱ ከተሰማ ሁሉም ተያዘ። አራቱም የማለፍ እድላቸው 9 ፐርሰንት ነው። ዘጠኝ! ከዛ ዲኤሙ "ተጫዋቾቼ ሁሌ ውጊያ ብቻ ነው የሚፈልጉት፣ ተደብቆ ማለፍ አይሞክሩም" ብሎ ያማርራል። እንዴት ይሞክሩ፣ ሞክረው አይተውታል እኮ።

መፍትሄው መጽሐፉ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ግሩፕ ቼክ ይባላል። ሁሉም ይጥላል፣ ቢያንስ ግማሹ ከተሳካለት ቡድኑ በሙሉ ተሳካለት፣ ጎበዙ ሰነፉን ደግፎ አሳለፈው ማለት ነው። በዚህ ህግ እነዛው አራት ሰዎች ከ9 ፐርሰንት ወደ 76 ይወጣሉ። ፍለጋው ላይ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይጣል፣ ሌላው ካገዘው አድቫንቴጅ ይሰጠው፣ ማለትም ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ይውሰድ። በርኒንግ ዊል የሚባል ጨዋታ ውስጥ ደግሞ በጣም የምወደው ህግ አለ፣ አንዴ የተጣለ ዳይስ ሁኔታው በእውነት እስካልተቀየረ ድረስ ይጸናል፣ ዲኤሙም "እዚህ ኮሪደር ላይ ደግሞ ጣሉ፣ እዛኛውም ላይ ጣሉ" እያለ እስኪወድቁ ድረስ ማስጣል አይችልም። ይሄን ህግ የትኛውም ጨዋታ ላይ መትከል ይቻላል፣ ማንም ፖሊስ አይመጣባችሁም።

የሚገርመው ድሮ ካራክተር ወረቀት ላይ የስኪል ዝርዝር የሚባል ነገር አልነበረም። 1974 ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የመጀመሪያውን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሲያወጡ በር ገፍቶ ለመክፈት፣ ሚስጥራዊ በር ለማግኘት፣ በር ላይ ጆሮ ሰጥቶ ለመስማት ባለ 6 ፊት ዳይስ ይጣል ነበር፣ ከዛ ውጪ ግን ተጫዋቹ ነው የሚናገረው፣ "መሬቱን በረጅም እንጨት እየነካካሁ እሄዳለሁ" ይላል፣ ዲኤሙም ያስብና ይፈርዳል። 1975 ግሬይሆክ የሚባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ሲመጣ ሌባው ገባ፣ ቁልፍ መክፈት፣ ወጥመድ ማክሸፍ፣ ኮቴ ሳያሰሙ መሄድ፣ ሁሉም በፐርሰንት ተጻፈለት። ጥሩ ነው፣ ግን ወዲያው ጥያቄ አመጣ፣ ሌባው ቀስ ብሎ መሄድ በፐርሰንት ካለው ሌላው ሰው ጫማውን አውልቆ ቀስ ብሎ መሄድ አይችልም ማለት ነው? የድሮውን አጨዋወት የሚወዱ ሰዎች እስከዛሬ በዚህ ይጨቃጨቃሉ፣ እኔ በግማሽ ልቤ ከእነሱ ጋር ነኝ።

በ1978 ሩንክዌስት የሚባለው ጨዋታ ስኪልን ሁሉ በፐርሰንት አደረገው፣ ያንኑ ህግ ወስዶ 1981 ኮል ኦቭ ክቱሉ መጣ። እዚህ ጋር አሰራሩ በጣም ግልጽ ነው፣ ወረቀትህ ላይ ላይብረሪ (ከመጽሐፍ መረጃ ፈልጎ የማግኘት ስኪል) 60 ካለ ከ1 እስከ 100 ትጥላለህ፣ 60 ወይ ከዛ በታች ከመጣ አገኘህ። አዲስ ተጫዋች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይገባዋል፣ ስለ ዲሲ ማስረዳት የለም። ከሁሉም የሚያስደስተኝ ደግሞ እድገቱ ነው፣ በጨዋታው ውስጥ የተሳካልህ ስኪል ላይ ምልክት ታደርጋለህ፣ በኋላ እንደገና ትጥላለህ፣ አሁን ግን ካለህ ቁጥር በላይ ከመጣ ነው የሚያድገው። ስለዚህ 20 ያለው ሰው ቶሎ ቶሎ ይማራል፣ 85 ያለው ሰው ግን አንድ ነገር ለመጨመር ይለፋል። ይሄን ያሰበ ሰው ጭንቅላቱ ይባረክ።

ግን ኮል ኦቭ ክቱሉ የምርመራ ጨዋታ ስለሆነ ሌላ ችግር አለው፣ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ደብዳቤው ከሌለ ታሪኩ አይቀጥልም፣ ዲኤሙ "ስፖት ሂደን ጣሉ" (የተደበቀ ነገር የማየት ስኪል ነው) ይላል፣ ሁሉም ይወድቃል። እሺ፣ አሁንስ? ዲኤሙ ያላብና "በቃ ሌላ መሳቢያም አለ፣ እስቲ እዛም ጣሉ" ይጀምራል፣ ሁሉም ሰው ምን እየተሰራ እንደሆነ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። 2007 ሮቢን ሎውስ ገምሹ የሚባለውን ሲስተም ሲያወጣ ይሄን ከስሩ ነቀለው፣ ትክክለኛው ስኪል ያለው ሰው ትክክለኛው ቦታ ላይ ከፈለገ ዋናውን ፍንጭ ያገኘዋል፣ ዳይስ የለም። ማግኘቱ ምኑም አያጓጓም፣ የሚያጓጓው ያገኙትን ይዘው ምን ይደመድማሉ የሚለው ነው። ገምሹን ባትጫወቱት እንኳን ይሄን አንድ ነገር ሰርቃችሁ ሂዱ።

አለመሳካት ማለት "ምንም አልሆነም" ማለት ነው የሚለውን ሀሳብ በደንብ የሰበረው ግን 2010 የወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ የሚባለው ጨዋታ ነው። ሁለት ባለ 6 ፊት ዳይስ ትጥላለህ፣ 10 እና በላይ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተሳካ፣ ከ7 እስከ 9 ከሆነ ተሳካ ግን የምትከፍለው ነገር አለ፣ 6 እና በታች ከሆነ ጂኤሙ ይረከብሃል። ምንም የምትደምረው ከሌለ መውደቅ ወደ 42 ፐርሰንት ነው፣ መሀሉም ወደ 42፣ ሙሉው 17 አካባቢ። +2 ካለህ ሁለቱ ጫፎች ቦታ ይቀያየራሉ፣ ሙሉው 42 መውደቁ 17፣ መሀሉ ግን አይነቃነቅም። ተመልከቱ፣ ጎበዝ ሆንክም አልሆንክም "ተሳካ፣ ግን..." የምትለዋ ሁሌ ትከተልሃለች። ግንቡን ወጣህ ግን ሰይፍህ ወደቀ። ሳጥኑ ተከፈተ ግን መሳሪያህ ተሰበረ። ጨዋታውን የሚነዳው ይሄ መሀሉ ነው።

ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ ደግሞ (2017፣ ጆን ሃርፐር) አንድ እርምጃ ይጨምርበታል፣ ዳይሱ ከመነካቱ በፊት ጂኤሙና ተጫዋቹ ያወራሉ። ሁኔታው ምን ያህል አደገኛ ነው፣ የተረጋጋ፣ አስጊ፣ ወይስ ተስፋ የቆረጠ? ከተሳካስ ምን ያህል ይጠቅማል? ሁለቱም ከተነገረ በኋላ ተጫዋቹ "ኧረ እንደዛ ከሆነስ በሌላ መንገድ ልሂድ" ማለት ይችላል። ከዛ ባለ 6 ፊት ዳይሶች ይጣላሉ፣ ትልቁ ይወሰዳል፣ 6 ሙሉ፣ 4 እና 5 በዋጋ፣ 3 እና ከዛ በታች መከራ። ይሄን ካየሁ በኋላ ዲ ኤንድ ዲ (ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ) ሳጫውትም እንደዛ ማድረግ ጀመርኩ፣ "ዲሲው 15 ነው፣ ካልመጣ ገመዱ ይበጠሳል፣ ትጥላለህ?" እላለሁ። ከዛ በኋላ ገመዱ ሲበጠስ ማንም አያኮርፍም፣ አውቆ ነው የገባበት።

ስለ ንግግር ስኪሎች፣ ፐርሱዌሽን (ማሳመን) ምናምን፣ ሁሌ ክርክር አለ። አንዳንዱ ተጫዋች ገና ምን እንደሚል ሳያስብ "ፐርሱዌሽን ልጣል?" ይላል፣ 17 አለኝ ይላል፣ በቃ ዘበኛው አመነ። እኔ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፣ ምንድነው የምትፈልገው፣ በምን በኩል ነው የምትመጣበት? አሪፍ ንግግር እንዲያደርግልኝ አይደለም፣ አንዱ ልጃችን አይናፋር ነው፣ ካራክተሩ ግን አፈ ጮሌ ነው፣ ተዋጊ ለሚጫወተው ሰው ሶፋ አንስተህ አሳየን እንደማንለው ሁሉ እሱንም ንግግር አናስደርገውም። "ልጁን እንደሚወድ ስለማውቅ በልጁ በኩል እለምነዋለሁ" ካለ ይበቃኛል። እኛ ደግሞ በአማርኛ ስለምንጫወት ተጫዋቾቼ መጽሐፉ ያላሰበውን ነገር ያመጡብኛል። አንድ ባላባት እስረኛ አልፈታም ብሎ አስቸገራቸው፣ ምን አደረጉ፣ እሱ የሚያከብራቸውን ሽማግሌዎች ከሶስት መንደር ሰብስበው በጠዋት ደጁ ላይ አስቀመጡበት። አንዷ ዳይሱን አነሳችና "እንግዲህ ልጣል?" አለችኝ። ምን ያስጥላል! ሶስት መንደር ሽማግሌ ደጁ ተቀምጦ እምቢ የሚል ባላባት የት አለ። እስረኛው ተፈታ፣ ዳይስ አልነካንም፣ በነሱ ስራ ነው የተፈታው።

20 ሲወጣ ሁሉም ይሆናል የሚለው ነገርስ? በ5ኛው እትም ህግ የለም። 20 ሁሌ መሳካት፣ 1 ሁሌ መሳት የሚሆነው ለውጊያ ምት ነው፣ ለስኪል ቼክ አይደለም። የጨዋታው አሳታሚዎች 2022 ላይ ለሙከራ ባወጡት ህግ ለስኪልም አስገብተውት ነበር፣ 2024 የወጣው መጽሐፍ ላይ ግን አልገባም፣ ጎሽ። ንጉሡ ፊት ቆሞ "ዙፋንህን ስጠኝ" የሚል ሰው 20 ቢያመጣ የሚያገኘው ትልቁ ነገር ንጉሡ እንደ ቀልድ ወስዶለት አንገቱ መትረፉ ነው፣ ያንንም ሳይጣል በፊት እነግረዋለሁ።

ተደብቆ የሚጣለው ነገር ላይ እስካሁን ከጓደኞቼ ጋር አልተስማማንም። "ሰውየው እየዋሸኝ ነው?" ብሎ ኢንሳይት (የሰውን ልብ የማንበብ ስኪል) የጣለ ተጫዋች ዳይሱ ላይ 2 ካየ በኋላ "እውነቱን ነው የሚመስልህ" ብትሉት አያምናችሁም። ስለዚህ ዲኤሙ ከስክሪን (ወረቀቱን ከሚከልልበት መከለያ) ጀርባ ይጣልለት የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን የሰው ዳይስ መንካት አልወድም፣ ፓሲቩን እጠቀማለሁ፣ 10 ላይ ስኪሉን ደምሬ ከዋሾው ሰውዬ ቁጥር ጋር አነጻጽራለሁ፣ ጥያቄው ሳይመጣ መልሱ እኔ ጋር አለ።

ዳይስ ከየት እናምጣ ለምትሉ ደግሞ፣ ባለ 20 ፊቱ በየሱቁ አይገኝም፣ ስልክ ላይ ግን ነጻ አፕ ሞልቷል። በእጄ ካልጣልኩ አይጥመኝም የምትሉ ከሆነ የሉዶ ዳይስ ሁለት ፈልጉና በባለ 6 ፊት ከሚሰሩት ጨዋታዎች ጀምሩ፣ አፖካሊፕስ ወርልድም ብሌድስም ከባለ 6 ፊት ሌላ አይነት ዳይስ አይፈልጉም (ለብሌድስ ግን ሁለቱ ብቻ ላይበቁ ይችላሉ)። አፖካሊፕስ ወርልድ ይዘቱ ለአዋቂ ነው፣ ትንንሽ እህትና ወንድም አብረው ከተቀመጡ የ10 እና የ7ቷን ህግ ብቻ ወስዳችሁ የራሳችሁን ታሪክ አድርጉበት።